የአሶሳ ትከሻ ፍለጋ

ልብስ ሲፈታ ይናዘዛል። ይህን ያስተማረኝ ሰው የለም፤ ራሴ የደረስኩበት ነው። ጉለሌ ውስጥ ከሃምሳ ዓመት በላይ ስሰፋ መምህሬ የሰልባጅ ካፖርት ነበር። ስፌቱን አንድ በአንድ ፈትቼ፣ ቁርጥራጩን መሬት ላይ ዘርግቼ፣ እንዴት እንደተሰፋ እሱው እንዲነግረኝ አደርጋለሁ። ማንበብም የተማርኩት በዚሁ መንገድ ነው፤ ለልክ መቁረጫ በማመጣው አሮጌ ጋዜጣ ላይ፣ ፊደል በፊደል። ስለዚህ ይህን ጽሑፍ ማንም አላረመልኝም። መታረምም አያስፈልገውም።

ዘንድሮ ግን አንድ ጃኬት አልናዘዝም አለኝ።

ሰብለ የምትባል ዲዛይነር አለች፤ ልብሶቿን በትልልቅ ሆቴሎች አዳራሽ የምታሳይ። እሷ ትስላለች፣ እኔ እቆርጣለሁ። አንድ ቀን በስልኳ ፎቶ አሳየችኝ። አሶሳ ውስጥ ባጃጆቻቸው ላይ ተቀምጠው የሚስቁ ወጣቶች ናቸው። ሁሉም አንድ ዓይነት ጃኬት ለብሰዋል፤ ገላው ካኪ፣ ትከሻው ከአሮጌ የባጃጅ ሸራ የተቆረጠ፣ የእጅጌው ጠርዝ ደግሞ የሱዳን ሴቶች ከሚጠመጠሙት ስስ ቶብ የተሰፋ። ትከሻው አንድ እጥፋት የለበትም፤ ውሃ የፈሰሰበት ይመስላል።

«ጋሽ ደምሴ፣ ይህን መድረክ ላይ ባወጣው አገር ጉድ ይላል» አለችኝ።

አልገረመኝም። ፋሽን ከላይ ወደ ታች የሚወርድ የሚመስለው ሰው መርፌ ይዞ የማያውቅ ነው። በወጣትነቴ መጀመሪያ ቤልቦተም ያሰፉኝ ሥራ ፈት የሚባሉ የሰፈር ጎረምሶች ነበሩ። አባቶቻቸው ይራገሙኝ ነበር። ሁለት ዓመት ሳይሞላ እነዚያው አባቶች ለሠርግ «እግሩን ሰፋ አድርግልኝ» እያሉ መጡ። ኪሱ በውጭ የተለጠፈ ሱሪ የመርካቶ ተሸካሚዎች ልብስ ነበር፤ ዛሬ መስታወት ውስጥ ተሰቅሎ ይሸጣል። መንገድ ይፈጥራል፣ መድረክ ይወስዳል፤ የወሰደው ደግሞ ስሙን ይለጥፍበታል።

እኔም ለጠፍኩ። ለትርኢቱ አሥራ ሁለት ጃኬት ቆርጠን ስንሰፋ የቴሌቪዥን ጋዜጠኛ መጣች። «ይህን ትከሻ ማን አሰበው?» ስትል ጠየቀች። «እኔ ነኛ!» አልኩ። አፍ ሲያመልጥ ራስ ሲመለጥ አይታወቅም። ሰብለ ዞር ብላ አየችኝ። በዚያው ሳምንት ተላለፈ።

በሦስተኛው ቀን ስልኬ ጮኸ፤ ቁጥሩ በቪዲዮው ላይ ከሱቄ ታፔላ ይነበብ ነበር። የሴት ድምፅ ነው፤ ቀስ ያለ።

«አባ፣ ያ ትከሻ የኔ ነው። መጥተህ እየው።» ዘጋችው።

ከዚያን ቀን ጀምሮ ምግብ አልወርድ አለኝ። ጭንቀቱ ደግሞ እጥፍ ነበር። የሰፋኋቸው አሥራ ሁለቱ ጃኬቶች፣ ሞዴሎቹ ለብሰው ሲቆሙ፣ ሁሉም ትከሻቸው ላይ ይኮማተራሉ። ፈታሁ፣ ሰፋሁ፣ በካውያ ደበደብኩ። እምቢ። ትርኢቱ ሦስት ሳምንት ቀርቶታል። የትከሻው ባለቤት አዳራሹ መሐል ብትነሳና «ይህ ሰው ሌባ ነው፤ ያውም መስፋት የማይችል ሌባ» ብትል ሃምሳ ዓመቴ እዚያው ያልቃል። ሰብለን «ጨርቅ ልምረጥ» ብዬ ዋሸኋት። ከአሥራ ሁለቱ አንዱን ጃኬት ሻንጣዬ ውስጥ ከትቼ ተነሳሁ።

ማክሰኞ

አውሮፕላን ስሳፈር የመጀመሪያዬ ነው። ቀበቶውን ያለማንም እርዳታ አሰርኩ። ሲነሳ ግን የወንበሩን ክንድ ጨመቅኩ። ለመረጋጋት ብዬ የፊት ለፊቴን ወንበር ሽፋን ስፌት ቆጠርኩ። ጥሩ ስፌት ነበር፤ ክንፉን የሠራው ይኸው ሰው አለመሆኑ ግን አሳሰበኝ። አጠገቤ የተቀመጠች መምህርት «አይዞዎት አባቴ፣ እንደ አውቶቡስ ይቁጠሩት» አለችኝ። አውቶቡስ ከስሩ መሬት አለው አልኳት።

እኛ ጉለሌ ከእንጦጦ የሚወርደው ብርድ ጆሮ ይቆርጣል። አሶሳ ላይ ሙቀቱ ከአውሮፕላኑ ደረጃ ስር ቆሞ ይጠብቃል። ሱፍ ኮቴን ማውለቅ አልፈለግኩም፤ አሰፋፌን ሰው ይየው ብዬ። በሩ ጋ ስደርስ ሸሚዜ ጀርባዬ ላይ ተጣብቋል።

ተሰልፈው ከቆሙት ባጃጆች የመጀመሪያው ሹፌር ጃኬቱን ለብሷል። በዓይኔ በብረቱ አየሁት። ትከሻው ላይ እጥፋት የለም። ሻንጣዬን በሁለት እጄ አቀፍኩት።

«አባ፣ ሻንጣ ስጪኝ» አለ። ኢብራሂም ይባላል፤ የበርታ ልጅ ነው። አማርኛው ሁለተኛ ቋንቋው ስለሆነ አንዳንዴ አንተንና አንቺን አይለይም። «የለም፣ እኔው እይዘዋለሁ» አልኩት።

ጥቂት እንደሄድን በመስታወቱ አየኝ። መልሶ አየኝ።

«አባ፣ እኔ አንተን አውቃለሁ። ስልክ ላይ፣ ቪዲዮ ላይ።»

«እኔን? እኔ የእህል ነጋዴ ነኝ።»

«ምን እህል?»

«ሰሊጥ።»

እንዴት ሰሊጥ እንዳልኩ አላውቅም። «ጠይብ!» አለና ሳቀ፤ በዐረብኛ «ጥሩ» ማለቱ ነው። የሳቀው ስላመነኝ ይሁን ስላላመነኝ መለየት አቃተኝ። መንገዱን ሁሉ የማስበው ያንን ሳቅ ነበር።

ያረፍኩት የወይዘሮ ዘነበች ፔንሲዮን ውስጥ ነው። ወላጆቿ በደርግ ጊዜ በሠፈራ ከወሎ ሲመጡ እሷ በአንቀልባ ነበረች፤ ንግግሯ ግን ዛሬም ወሎ ነው። ሳልጠይቃት ባልዲ ሙሉ ቀዝቃዛ ውሃ አቀረበችልኝ፤ ቀጥላም የተላጠ ማንጎ። ለእራት ገንፎ በባምያ ወጥ አመጣች። በእኛ ቤት ገንፎ የአራስ ነው፤ እዚህ የማንኛውም ሰው ራት ነው። ባምያው ይሟልጫል፤ ሁለት ጊዜ ከእጄ አምልጦ ያ የሱፍ ኮቴ ላይ አረፈ።

«አብሽር ጋሼ፣ በሎሚ ይለቃል» አለችኝና ኮቴን ወስዳ አጠበችው። የራሴን ሚስት ጨምሮ ሰው ኮቴን እንዲነካ አልፈቅድም። ያን ቀን ግን ለመከልከል አቅም አልነበረኝም።

ረቡዕ

ጠዋት በሩ ተንኳኳ። ኢብራሂም ነው፤ ሁለት ጓደኞቹን አስከትሎ። ሦስቱም ጃኬቱን ለብሰዋል። አለቀልኝ ብዬ ግድግዳውን ተደገፍኩ።

«አባ፣ ሰሊጥ አገኘንልሽ!» አለ። «ሦስት ነጋዴ አለ። የላ፣ እንሂድ።»

ደግነታቸው እንዲህ ነው። ውሸቴን አምነው ሥራቸውን ትተው መጥተዋል። ረፋዱን ሙሉ ከአንዱ መጋዘን ወደ ሌላው እየወሰዱ እጄን ጆንያ ውስጥ አስከተቱኝ። ስለ ሰሊጥ የማውቀው ዳቦ ላይ እንደሚበተን ብቻ ነው። ሆኖም በጣቶቼ አሻሸሁ፣ አሸተትኩ፣ «ትንሽ እርጥበት አለው» አልኩ። ነጋዴው ደንግጦ «እንዴት አወቅክ?» አለኝ። ማስመሰልም ችሎታ ይጠይቃል።

በየመንገዱ የማየው ግን ጃኬቱን ነበር። ነዳጅ ማደያው፣ ዩኒቨርሲቲው መታጠፊያ፣ ጫት ተራው ጋ። የበርታው፣ የኦሮሞው፣ የወሎ ሠፋሪው ልጅ፣ ባጃጅ የሚነዳ ሁሉ። አንዱም አልተኮማተረም። በአንድ ከተማ ውስጥ ያለ ትከሻ ሁሉ የሚፈርድብኝ መሰለኝ።

ገበያው ውስጥ የልብስ ሰፊዎች ረድፍ አለ። በቀርከሃ ዳስ ጥላ ስር አንድ የስፌት መኪና በቶብ ቁራጭ ተሸፍኖ አየሁ። ከጎኑ የባጃጅ ሸራ ተጠቅልሎ ቆሟል። እግሬ ራሱ ቆመ።

«ይሄ የእህቴ ነው» አለ ኢብራሂም። «ሐዋ። ይሄን ጃኬት እሱ ነው የሚሰፋ። አሁን ኩርሙክ ሄዷል፣ ቶብ ለመግዛት።» ትከሻውን መታ መታ አደረገ። «አዲስ አበባ አንድ ሽማግሌ አለ፤ የኔ ነው ብሎ ቲቪ ላይ ወጣ።»

ዓይኔን ከሸራው ላይ አነሳሁ። «ቢመጣ ምን ታደርጉታላችሁ?»

«እኛ?» አለ። «እኛ ምንም። ሐዋ ታውቃለች።»

ከዚህ የሚያስፈራ መልስ ሰምቼ አላውቅም።

ራት ላይ ወይዘሮ ዘነበች እጄን ትክ ብላ አየችው። ጣቴ መርፌ ስለሚገፋ ጫፉ እንደ ቀንድ ጠንክሯል።

«ጋሼ፣ ሰሊጥ ጣት ይወጋል እንዴ?» አለችኝ።

መዋሸት ሰልችቶኝ ስለነበር ነገርኳት። ትስቃለች ብዬ ጠበቅኩ። አልሳቀችም።

«ሐዋን ከልጅነቷ አውቃታለሁ፤ ክፉ አይደለችም፤ ግን አትረሳም። ሄደህ ንገራት። ሰው መጥቶ ሲናገርና ተይዞ ሲናገር አንድ አይደለም።»

«መንገዱስ?»

«መንገዱ መጥፎ ነው። አልዋሽህም።»

ዳቦ ጋገረችልኝ። የሟች ባሏን ጠርዘ ሰፊ ባርኔጣ አውጥታ ራሴ ላይ አደረገችልኝ። ጠበበኝ፤ ግን አልተናገርኩም።

ሐሙስ

ሱዳን ድንበር ላይ ወዳለችው ኩርሙክ የሄድኩት በአንዲት ያረጀች ላንድክሩዘር ነው፤ አሥራ አራት ሆነን። ጉልበቴ አንዲት ቢጫ ቶብ የተጠመጠመች እናት ጀርባ ላይ ተተክሎ ነበር። ይቅርታ ስጠይቃት «ማዓሌሽ፣ ልጄም እንዲሁ ረጅም ነበር» አለችኝ። «ነበር» ያለችውን ሰማሁ፤ አልጠየቅኩም።

ከሆሞሻ ወዲያ መንገዱ መንገድ መሆኑን ይረሳል። የእኛ አገር ጭንቅ ገደል ነው፤ ታየዋለህ፣ ትፈራዋለህ፣ ታልፈዋለህ። እዚያ ግን ሜዳና ቀርከሃ ነው፤ የምትፈራው አይታይም። ጎማ ፈነዳ። ሹፌሩ እየቀየረ ሳለ ማንም ሳይናገር ሁሉም ወደ ቀርከሃው ያያል። እኔም አየሁ። የምን እንደሆነ ያልነገሩኝን ነገር መፍራት ከሁሉም ይከፋል። ሹፌሩ ዘወር ብሎ «አባ፣ ጦጣ ነው፤ ዳቦሽን ያዢ» አለኝ። ሁሉም ሳቀ። እኔ ግን ዳቦውን ብብቴ ስር ወሸቅኩት።

ኩርሙክ ልንገባ ስንል ኬላ አለ። ሁላችንም ወረድን፤ ዕቃ ተፈተሸ። የኬላው ጠባቂ ወጣት ነው፤ ሥራውን በጥንቃቄ ይሠራል። ሻንጣዬን ከፈተ። ጃኬቱን አወጣው።

«ይህ የማን ነው?»

«የኔ» አልኩ።

ኮሌታውን ገለበጠ። ፊቱ ተለወጠ። «ቁጥሩስ?»

«የምን ቁጥር?»

ተሳፋሪው ሁሉ ወደ እኔ ዞረ። ያቺ ቢጫ ቶብ የተጠመጠመች እናት መጥታ ጃኬቱን ከጠባቂው እጅ ወሰደችው። ኮሌታውን በጣቷ ዳሰሰች፤ ደግማ ዳሰሰች።

«እቤቴ እንዲህ ያለ አለኝ» አለች። «ይሄን ከማን እናት ወሰድክ?»

ያኔ ነው የተነገረኝ። እነዚህ ልጆች ጃኬቱ ሲሰፋላቸው የባጃጃቸውን የጎን ቁጥር ኮሌታው ውስጥ፣ አንገታቸው በሚያርፍበት ቦታ ያስጠልፋሉ። ጃኬቱ አይሸጥም፣ አይዋዋስም። ከመካከላቸው አንዱ የሞተ እንደሆነ ጓደኞቹ ተሰብስበው ቁጥሩን ይፈታሉ፤ ጃኬቱም ለእናቱ ይሰጣል። ስለዚህ ቁጥር የሌለው ጃኬት የሞተ ልጅ ጃኬት ነው፤ በባዕድ ሻንጣ ውስጥ ከተገኘ ደግሞ ከእናት ቤት የተሰረቀ ነው። ከፎቶው ላይ የኮሌታው ውስጥ አይታይም። እኔ ልብስ ሲፈታ ይናዘዛል ባዩ ያላየሁት ይህን ነበር፤ አዲስ አበባ ውስጥ ደግሞ አሥራ አንድ ሌላ እንዲህ ያለ ጃኬት ተሰቅሎ ይጠብቀኛል።

«እኔው ነኝ የሰፋሁት!» ብዬ ጮህኩ።

«ነጋዴ ነኝ ብለሽ አልነበረም?» አለ ሹፌሩ። አሶሳ ውስጥ የሰሊጡ ሽማግሌ ወሬዬ ቀድሞኝ ተሰምቷል።

የፈሩት ይደርሳል ይባላል። ጠባቂው «ሐዋ እዚሁ ከተማ ናት፤ እሷ የሰፋችውን ታውቃለች። ትምጣ» አለና ሰው ላከ። ማንጎ ዛፍ ስር ተቀመጥኩ።  መሳሪያውን ትከሻው ላይ ያንጠለጠለው ያው ጠባቂ የቀርከሃ በርጩማ አመጣልኝ፤ ቀጥሎም በቀዝቃዛ ውሃ የተዘፈዘፈ ቀይ ከርከዴ። ሌባ ብሎ የጠረጠረውን ሰው ጥም የሚያሳስበው አገር ነው። ከርከዴውን ሳልጠጣ መሬት ላይ አስቀመጥኩት። ጉለሌ፣ ደጃፌ ላይ ቆመው «ጋሽ ደምሴ እንደምን አደሩ» የሚሉኝ ሰዎች በዓይኔ ዞሩ። ያቺ እናት ፊት ለፊቴ መሬት ላይ ተቀምጣ፣ ጃኬቱን ጭኗ ላይ አጥፋ ይዛ ታየኛለች። ኮሌታውን መዳሰስ አልተወችም።

ሐዋ መጣች። ቀጭን፣ ሠላሳ ዓመት የማይሞላት፣ አንገቷ ላይ ሜትር የሰቀለች። «ሰላም አለይኩም» ስትል ድምፁን አወቅኩት። እሷም ፊቴን አወቀችው። 

ጃኬቱን ከእናቲቱ ጭን ላይ አነሳች። ገለበጠችው። ክንዷን እጅጌው ውስጥ ከታ ወደ ላይ ያዘችው። እኔ በዚያች ሰዓት አንድ ጸሎት ብቻ ነበረኝ፤ የእሷን ሥራ እንዲመስል ነው ወይስ እንዳይመስል የጸለይኩት፣ ዛሬም አልለየሁትም።

«እናቴ፣ ይሄ የሞተ ልጅ አይደለም» አለች። «ይሄ የማንም አይደለም። የኔ እጅ እንዲህ አይሰፋም።» ጃኬቱን ለጠባቂው አሳየችው። «እየው፤ ትከሻ ለባጃጅ ነው፣ እጅጌ ለቆመ ሰው ነው። ሁለቱ ይጣላሉ። ይሄን የሰፋ ሰው አያውቅም።»

«የሱ ነው ማለት ነው?» አለ ጠባቂው።

«የሱ ነው» አለች። «ኸላስ፣ አለቀ።»

ሳቁ ከኬላው እስከ መኪናው ተሰማ። ሹፌሩ «አባ፣ ሰሊጡ ይሻልሻል!» አለኝ። ከሌብነት ነጻ ያወጣኝ አለማወቄ ነው። ሃምሳ ዓመት ስሰፋ እንዲህ ያለ ምስክርነት ተሰጥቶኝ አያውቅም። እናቲቱ ግን አልሳቀችም። ተነስታ ባርኔጣዬን ከመሬት አነሳችና አቧራውን አራግፋ ሰጠችኝ።

ሐዋ ከጠባቂው ሞተር ብስክሌት አጠገብ ቆማ «ና» አለችኝ። «ልበስና ቁጭ በል። መሪውን ያዝ።»

ለበስኩ፣ ተቀመጥኩ፣ እጆቼን ዘርግቼ መሪውን ያዝኩ። የግራውን እጅጌ ከብብቴ እስከ ትከሻዬ በምላጭ ፈታችው። ጨርቁን ወደ ፊት አዞረችና እዚያው ገላዬ ላይ በመርፌ ያዘችው። ሸራው ትከሻዬ ላይ ተኛ። ውሃ የፈሰሰበት ይመስላል።

«ባጃጅ ላይ የሚቆም ሰው አለ?» አለችኝ። «እኔ ቆሞ ሰው አልለካም። ቁጭ ይላል፣ ይይዛል፣ ከዚያ እሰፋለሁ። ሸራው ከጎን ለሚገባ ዝናብ ነው። ቶቡ ላብ ይጠርጋል። ለጌጥ አይደለም።»

ፎቶው ላይ ሁሉም ተቀምጠው ነበር። አንድ መቶ ጊዜ አይቼዋለሁ። የገጠምኩትን ጃኬት ሁሉ ግን የለካሁት በቆመ ሰው ላይ ነው፤ ልብስ ሰፊ ሰውን «ቀጥ ብለህ ቁም» ብሎ ይለካልና። ከዚህ ስህተት የሚያድን ካፖርት በሰልባጅ አልመጣልኝም።

ዓርብ

ያደርኩት የሐዋ አክስት ቤት ነው። ጠዋት ፉል በሰሊጥ ዘይት አቀረቡልኝ፤ ኢብራሂም ደውሎላቸው ኖሮ «አባ ሰሊጥ፣ ዘይቱ እርጥበት አለው?» እያሉ ሳቁብኝ። በላሁ። ከሳምንት ወዲህ የወረደልኝ የመጀመሪያው ምግብ ነበር። ከድንበሩ ማዶ በየጊዜው እንደ ነጎድጓድ ያለ ነገር ይሰማል። እኔ በደነገጥኩ ቁጥር አክስቷ ሳህኔ ላይ ትጨምርልኛለች። ስለ ድምፁ ማንም አላነሳም።

«ሐዋ፣ ልጄ» አልኩ በመጨረሻ፤ «ስምሽን ትልቅ አድርገን በትርኢቱ ወረቀት ላይ እናጽፋለን።»

«ወረቀት አላየሁም» አለች። «አፍህን ነው ያየሁ። በዚያው አፍ ተናገር።»

«እዚያው ቴሌቪዥን ላይ?»

«እዚያው።»

ሳህኑን ገፋ አደረግኩት። ከቀርከሃው፣ ከኬላው፣ ከአውሮፕላኑ ሁሉ ይህ ባሰብኝ። ኬላው ላይ የሳቁብኝ ሰዎች አያውቁኝም። ጉለሌ ግን ታውቀኛለች።

«ደግሞ ቲቪ ላይ ያየኋቸው አሥራ ሁለቱ ቁጥር የላቸውም አይደል?» አለች። «እንዲህ ብታወጣቸው አሥራ ሁለት ሬሳ ነው የምታሳየው። እናቶች ያያሉ። ስልክ ሁሉም ቤት አለ።»

ቢጫ ቶብ የተጠመጠመችውን እናት አሰብኩ፤ ጣቷ ኮሌታው ላይ ሲሄድ። «እናገራለሁ» አልኩ። 

ሐዋ የራሴን ጃኬት ሁለቱንም እጅጌ ገጥማ ጨረሰች። ኮሌታውን ገለበጠች። «ቁጥርህ?»

«ባጃጅ የለኝም።»

«ምን ትነዳለህ ታዲያ?»

አሰብኩ። ሃምሳ ዓመት በእግሬ የነዳሁት አንድ ነገር ብቻ ነው። የስፌት መኪናዬ ከሆዷ ስር የተቀረጸ ቁጥር አላት፤ እንደ ልጄ ስም በቃሌ አውቀዋለሁ። ነገርኳት። በሳሙና ቁራጭ ኮሌታው ውስጥ ጻፈችው፤ መርፌ ግን አላነሳችም።

«ይሄን እኔ አልሰፋም» አለች። «ስትናገር ያኔ አንተ ትሰፋዋለህ።»

ቅዳሜ

አሶሳ ስመለስ ኢብራሂምና ጓደኞቹ ወይዘሮ ዘነበች በር ላይ ተሰልፈዋል። ሐዋ በስልክ ነግራቸዋለች። ሊመቱኝ ነው ብዬ ከመኪናው መውረድ ፈራሁ።

«ጋሽ ሰሊጥ፣ ውረጂ!» አለ ኢብራሂም። «ሬሳ አናስወጣም። ቁጥራችንን እናውሳለን።»

ጃኬቱ አይዋዋስም፤ ቁጥሩን ግን ለአንድ ቀን አዋሱኝ። አሥራ አንድ ሹፌሮች አንድ በአንድ ኮሌታቸውን ገልብጠው አስነበቡኝ፤ እኔም ጋዜጣ ላይ ጻፍኩ። የመጨረሻው ልጅ «አባ፣ በደንብ ጻፊ፤ በሕይወት ነው ያለሁት» አለኝ። የሱን ሁለት ጊዜ ጻፍኩት። ወይዘሮ ዘነበች ባርኔጣውን እንድመልስ አልፈቀደችም።

ለሰብለ የነገርኳት ከአውሮፕላን እንደወረድኩ ነው። ስልኳን አውጥታ ያንን ፎቶ ደግማ አየች። ከዚያ «እጅጌዎቹን መቼ ትፈታለህ?» አለች፤ ያን ዕለት በ«አንተ» ስትጠራኝ ለመጀመሪያ ጊዜ ነበር። ቻልኩት። ሁሉንም ፈትቼ፣ ሞዴሎቹን በርጩማ ላይ አስቀምጬ፣ እጃቸውን አስዘርግቼ፣ ገላቸው ላይ ገጠምኩ። አሥራ አንዱን ቁጥር በገዛ እጄ ጠለፍኩ። አሥራ ሁለተኛው የኔው ነበር፤ እሱን መድረክ ላይ አላወጣንም።

በትርኢቱ ቀን መድረኩ ላይ አሥራ አንድ በርጩማ ተደረደረ። ሞዴሎቹ ገብተው ተቀመጡ፤ እጃቸውን ወደ ፊት ዘረጉ። አሥራ አንድ ትከሻ በአንድ ጊዜ ተኛ። ጭብጨባው መጣ። ያቺው ጋዜጠኛ መጋረጃው ጥግ አገኘችኝ። እንደ አውሮፕላኑ ቀን ስፌት ቆጠርኩ፤ የመጋረጃውን።

«ባለፈው የኔ ነው ያልኩት ውሸት ነው» አልኩ። «ሐዋ የምትባል የአሶሳ ልብስ ሰፊ ናት ያሰበችው። እኔ ልሰርቀው ሞክሬ እንኳ አልቻልኩም፤ እጅጌውን አበላሸሁት። ያስተማረችኝ እሷ ናት።» ማይኩን ከእጇ ወስጄ ኖሮ፣ ጋዜጠኛዋ ቀስ ብላ አስለቀቀችኝ።

ተላለፈ። በማግስቱ ደጃፌ ላይ «ጋሽ ደምሴ» ያለኝ ሰው ከወትሮው አነሰ። አንዱ ጎረቤቴ «እጅጌው እንዴት ነው?» ብሎ አለፈ። መኪናዬ ፊት ተቀምጬ፣ የሳሙናው ጽሑፍ እየደበዘዘ፣ ስልኩን እያየሁ ሁለት ቀን ቆየሁ። መርፌው ላይ ክር አስገብቼ ነበር፤ አልነካሁትም።

በሦስተኛው ቀን ጮኸ።

«አባ፣ ሰማሁ» አለች፤ በዚያው ቀስ ባለ ድምፅ። «አሁን ስፋው።» ዘጋችው።

ቁጭ ብዬ ሰፋሁት። ቁጥሩ አንገቴ በሚያርፍበት ላይ ነው፤ ማንም አያየውም። ስፌቱ ግን ቀጥ ያለ ነው፤ የፈለገ ሰው ኮሌታዬን ገልብጦ ይየው።